ሦስት አዳዲስ መነጽሮች

በማቅለሚያ ቤቱ ውስጥ ፀሐይ በቀጥታ የማትገባበት አንድ ሰፊ መስኮት አለ። ብርሃኑ ከጠዋት እስከ ማታ ብዙም ስለማይለዋወጥ የጨርቅ ቀለም የሚፈረድበት እዚያ ነው። ጠዋት ጠዋት ከየበርሜሉ የተቆረጠው ናሙና በነጭ ሰሌዳ ላይ ይደረደራል፤ ሠራተኛው ጓንቱን አውልቆ በግማሽ ክብ ይቆማል፤ ከዚያም የቀለሙ አለቃ ይመጣሉ። ሠላሳ አራት ዓመት በዚያ መስኮት አጠገብ ከመቆማቸው የተነሣ ስማቸው ተረስቶ «ጋሽ መስኮት» ከሆኑ ቆይቷል። እሳቸውም ያውቁታል። አንድ ጊዜ አንዱ አፉ አምልጦት ፊት ለፊት በዚሁ ስም ቢጠራቸው፣ «አቤት፣ ልከፈት ወይስ ልዘጋ?» ብለው ቤቱን በሳቅ አፍርሰውታል።

ጋሽ መስኮት ከሌሎች ቀለም አዋቂዎች የሚለዩበት አንድ ነገር ነበር። ሌላው ሰው አዲሱን ናሙና በመሳቢያ ከተቀመጠው ዋና ናሙና ጋር አጠጋግቶ ያነጻጽራል። እሳቸው መሳቢያውን አያስከፍቱም። ዋናው ናሙና ራሳቸው ውስጥ ነው፤ ከአምስት ዓመት በፊት የተነከረ ቀይ ምን ያህል ጠቆር ይል እንደነበር፣ የትናንት እራታቸውን እንደሚያስታውሱ ያስታውሱታል። «ቢጫ አለበት» ካሉ አለበት፤ «ይኸው ነው» ካሉ ይኸው ነው። ከዚያ በናሙናው ካርድ ላይ ይፈርማሉ፤ ከእሳቸው ሥር ፎርማኑ ይፈርማል፤ ከፎርማኑ ሥር ቀማሚዋ።

ቀማሚዋ ቀለሙን በሚዛን እየለካች የምታዋህደው ሴት ናት። በዚያ ግማሽ ክብ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ስትቆም አንድ ነገር ልብ ብላለች፦ ጨርቁን የሚያይ ሰው የለም። ሁሉም የሚያየው የጋሽ መስኮትን ፊት ነው። የግራ ቅንድባቸው ከተነሣ ሁሉም «አዎ፣ አንድ ነገር ጎድሎታል» ይላል፤ ከንፈራቸው ከተገጠመ ሁሉም ትንፋሹን ይለቃል። እሷም እንዲሁ። ነገሩ አላስጨነቃትም፤ ሰዓት ያለውን ሰው ሰዓት እንደ መጠየቅ ያለ ነገር ነበር።

እሷ ደግሞ ፊታቸውን የምታይበት የራሷ ምክንያት ነበራት። ወደዚህ ቤት የገባችው ወለል አጣቢ ሆና ነው። አንድ ቀን ከጠረጴዛው ሥር የወደቁ ሁለት ቁራጭ ጨርቆች አንሥታ፣ «እነዚህን ሁለት ጥቁሮች ለየብቻ ላስቀምጣቸው?» ብላ ጠየቀች። በዙሪያዋ የነበሩት ሳቁባት፤ ለእነሱ ጥቁር ጥቁር ነው። ጋሽ መስኮት ግን አልሳቁም።

«ለምን ለየብቻ?» አሏት።

«አንዱ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ሌላው ወደ ቀይ።»

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም።»

በሳምንቱ መጥረጊያዋን አስቀምጠው ሚዛንና ደብተር ሰጧት። ሦስት ዓመት ሙሉ የምሳ ሰዓታቸውን እየሠዉ አስተማሯት። ገና ጀማሪ ሳለች ሚዛኑን አሳስታ አርባ ጣቃ ጨርቅ ስታበላሽ፣ ሥራ አስኪያጁ ደሙ ፈልቶ መጣ፤ ጋሽ መስኮት ዐይናቸውን ሳያሹ «ያዘዝኳት እኔ ነኝ» አሉ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ። እሳቸውም ዳግመኛ አላነሡባትም። ስለዚህ ምስጋናዋና እምነቷ ውስጧ አብረው አድገው፣ እንደ ድርና ማግ ተጋጥመው ነበር፤ አንዱን ከሌላው መለየት ይቻላል የሚል ሐሳብ ሽው ብሏት አያውቅም።

እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ።

አምና አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ለተማሪዎቹ የደንብ ልብስ አመድማ ሰማያዊ ጨርቅ አስቀልሞ ነበር። ዘንድሮ ለአዲሶቹ ተማሪዎች ያንኑ ቀለም ሁለት መቶ ጣቃ አዘዘ። አዲሶቹና ነባሮቹ ጠዋት በአንድ ሰልፍ ስለሚቆሙ ቀለሙ ቅንጣት መለየት የለበትም። ረቡዕ ናሙናው ይፈረምበታል፤ ሐሙስ ጣቃው ሁሉ በርሜል ይገባል። ቀማሚዋ ለዚህ ስትዘጋጅ የቅመማ ደብተሯን ገለጠች፤ የአምናውንና የዘንድሮውን ገጽ ጎን ለጎን አየች፤ እጇ ቆመ።

የሁለቱም ጽሕፈት የራሷ ነው። የቀለሙም ስም አንድ ነው። ነገር ግን አምና አሥራ ሁለት የነበረው ሰማያዊ አሥራ ሰባት ደርሷል፤ አራት የነበረው ቢጫ ወደ አንድ ወርዷል። መካከሉን ስታገላብጥ መንገዱን አገኘችው። በየወሩ፣ ይህ ቀለም በተነከረ ቁጥር፣ ጋሽ መስኮት «ቢጫ አለበት፤ ሰማያዊ ጨምሪ» ብለዋታል፤ እሷም ጨምራለች። አንዱም ጭማሪ ትልቅ አልነበረም። ለዚህ ነው ያልታያት።

ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ ዋናውን ናሙና ከመሳቢያው አወጣች፤ በወፍራም ወረቀት ተጠቅልሎ ብርሃን ሳይነካው የኖረ ነው። ለረቡዕ ከተነከረው አዲስ ናሙና ጋር በመስኮቱ ሥር አጋደመችው። ልዩነቱ መንገድ አላፊ ሰው እንኳ የሚያየው ነበር።

«አንቺ፣ ከዚያ መሳቢያ ምን ትሰርቂያለሽ?»

ዘወር አለች። ጨርቅ ተኳሿ ነች፤ ምላሷ ከካውያዋ የባሰ የሚያቃጥል፣ ልቧ ግን የዋህ ሴት።

«ነይ እስቲ እይልኝ። እነዚህ አንድ ናቸው?»

ተኳሿ ግንባሯ ላይ የሰቀለችውን መነጽር አውርዳ አየች። አውልቃ ደግማ አየች።

«ጋሼ ምን አሉ?»

«እሳቸውን ተዪያቸው። አንቺ ምን ታያለሽ?»

«እኔማ ምን ዐይን አለኝ ብለሽ ነው። ሰማያዊ ሰማያዊው እየበዛብኝ ሲመጣ፣ አለቀልኝ፣ እርጅና ከዐይኔ ጀመረ ብዬ ይኸው መነጽር ገዛሁ። ሁለት ወሩ ነው። ምንም አልጠቀመኝም።»

ቀማሚዋ እጇን የሥራ ልብሷ ኪስ ውስጥ ከተተችና የራሷን መነጽር አወጣች።

«አንቺም?»

«ባለፈው ወር። የዐይን ሐኪም ዘንድ ብሄድ ‹ዐይንሽ ከእኔ ይሻላል› አለችኝ። አላመንኳትም። ምን ታውቃለች ብዬ ከሌላ ሱቅ ገዛሁ።»

ተኳሿ ለመሳቅ አፏን ስትከፍት ፎርማኑ አፉን በመሐረብ እየጠረገ ገባ። አፍንጫው ላይ ገና ዋጋ የተለጠፈበት የሚመስል አዲስ መነጽር ተቀምጧል።

«አለቃ፣» አለችው ተኳሿ፣ «ያንን መነጽር ለምን ገዛኸው?»

«እኔ? ለጋዜጣ ነዋ።»

«ጋዜጣ ስታነብ አይተንህ አናውቅም። ዳቦ ስትጠቀልልበት ነው የምናይህ።»

ፎርማኑ የሁለቱን ሴቶች እጅ፣ በእጃቸው ያለውን መነጽር፣ በመስኮቱ ሥር የተጋደሙትን ሁለት ጨርቆች ተራ በተራ አየ። ፊቱ ቀላ። ከዚያ ሦስቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቀጥ አለ።

«እና ታዲያ የታመመው የማን ዐይን ነው?» አለች ተኳሿ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ፎርማኑ ሄዶ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው።

«ስሙኝ፣ ይህ ነገር እዚህ እንዳይነሣ። ሰውዬው በሁለት ወር ውስጥ ጡረታ ይወጣሉ። በክብር ይውጡ።»

«ሁለት መቶ ጣቃ ተሠርቶ ሲመለስስ?» አለች ቀማሚዋ። «ክብሩ የት ይገባል?»

«ነገ እሳቸው ከፈረሙ እኔም እፈርማለሁ።»

«አንተ ምን አይተህ?»

«እሳቸውን ነዋ።»

ይህን ሲል እያላገጠ አልነበረም። የእሷም መልስ ይኸው ነበር።

ከሥራ ስትመለስ ነገሩን መንገዱን ሁሉ ስታወጣ ስታወርድ መጣች። ብትናገር፣ ሰው ያደረጓትን ሰው በሰው ፊት ታዋርዳለች። ዝም ብትል፣ የሠላሳ አራት ዓመት ስማቸው በተመለሰ ጨርቅ ይዘጋል፤ ዐይናቸውም ማንም ሳያክመው ይጠፋል። እራት ላይ ሁሉንም ለባሏ ነገረችው። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ወሬ ሲሰማ እንኳ ቀኝና ግራውን የሚያይ ሰው።

«ታዲያ ንገሪያቸዋ፣» አላት።

«ላንተ ቀላል ነው። እንዴት ብዬ?»

ባሏ ጉርሻውን ዋጠና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገው። «አንድ ቀን መታጠፊያ ስቼ አለፍኩ። አንዲት አሮጊት ‹ልጄ፣ አለፍከው እኮ› አሉኝ። ምን አልኳቸው መሰለሽ? ‹እማማ፣ ሾፌሩ እኔ ነኝ።› ከዚያ አሥር ደቂቃ ነድቼ ያንን ሁሉ ሰው ይዤ ተመለስኩ። እኔን የገረመኝ የሳትኩት አይደለም። ሃምሳ ሰው ነው የተሳፈረው፤ ሃምሳውም በየቀኑ በዚያ መንገድ ይሄዳል። ከአንዲት አሮጊት በቀር ትንፍሽ ያለ የለም። ሲወርዱ አንዱን ብጠይቀው፣ ‹እኛ የማናውቀው፣ አንተ ያወቅከው ነገር ይኖራል ብለን ነው› አለኝ።»

«አሮጊቷን ተቀየምካቸው?»

«በሰዓቱማ እንዴት አድርጌ። አሁን ግን ባገኛቸው እጃቸውን ስሜ በነጻ ነበር የምወስዳቸው።»

ቀማሚዋ ፈገግ አለች። ሳህኑን እያነሣች እንደገና ጠየቀችው፦ «እናንተን መንጃ ፈቃድ ስታድሱ ዐይናችሁን እንዴት ነው የሚፈትኗችሁ?»

«ማንኪያ በመሰለ ነገር አንዱን ይሸፍኑታል። ከዚያ ያንን ገልጠው ሌላውን።»

«ለምን ሁለቱን አንድ ላይ አያዩም?»

«አንድ ላይ ከሆኑማ፣ ደኅናው ለታመመው ይሸፍንለታል።»

በማግስቱ ረቡዕ ሠራተኛው በግማሽ ክብ ቆመ። ጋሽ መስኮት መጡ፤ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ወደ ናሙናው ጎንበስ አሉ። ቅንድባቸው አልተነሣም። ከንፈራቸው ተገጠመ።

«ይኸው ነው፣» አሉና ብዕራቸውን አወጡ።

«ጋሼ፣» አለች ቀማሚዋ። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ከመፈረምዎ በፊት አንድ ነገር ይዩልኝ።» ዋናውን ናሙና ከአዲሱ አጠገብ አስቀመጠች።

ጋሽ መስኮት ባሉበት ዋናው ናሙና ከመሳቢያ ሲወጣ ያየ ሰው በመካከላቸው አልነበረም። ተኳሿ ወለሉን ማየት ጀመረች። ጋሽ መስኮት ግን ቁርጥራጩን አንሥተው ገለባበጡት።

«ይኼ አርጅቷል። ወይቧል።»

«ወይቧል፣ አዎ፣» አለ ፎርማኑ ፈጥኖ።

«ይቅርታ፣ እውነትዎን ነው» የሚለው ቃል የቀማሚዋ ምላስ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ለአሥራ አንድ ዓመት የተጠረገ መንገድ ስለሆነ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። መልሳ ዋጠችው።

«ጋሼ፣ ቀኝ ዐይንዎን በእጅዎ ሸፍነው ይዩልኝ።»

«ምን ልትጫወቺብኝ ነው?»

«መጫወቴ አይደለም። ቀለም በሁለት ብርሃን ሳይታይ አይፈረድበትም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። በሁለት ዐይንም ይታይ ብዬ ነው።»

እኚያ ሰው መቆጣት ይችሉ ነበር፤ ቤቱ በሙሉም ቁጣቸውን እየጠበቀ ነበር። እሳቸው ግን ጥቂት አዩዋትና ቀኝ ዐይናቸውን ሸፈኑ። ናሙናውን አዩ። እጃቸውን ወደ ግራ ዐይናቸው አዛወሩ። እንደገና ወደ ቀኝ፤ እንደገና ወደ ግራ። ያዩትን በዚያ ቤት ውስጥ ከእሳቸው በቀር ሊያነብ የሚችል ሰው አልነበረም፤ ያው ጨርቅ ለአንዱ ዐይን አንድ ቀለም፣ ለሌላው ሌላ ቀለም ነበር። ብዕራቸውን ኪሳቸው ከተው በቀስታ ጣቃ ላይ ተቀመጡ።

«በግራው ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል፣» አሉ። «በቀኙም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። የወየበው ጨርቁ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ቀና ብለው በግማሽ ክብ የቆመውን ሠራተኛ አዩ።

«ስንቶቻችሁ አይታችሁ ነበር?»

ተኳሿ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ሰሌዳው ላይ አስቀመጠች። ቀማሚዋ የራሷን አስከተለች። በመጨረሻ ፎርማኑ የእሱን አወለቀ። ጋሽ መስኮት በሰሌዳው ላይ የተደረደሩትን ሦስት መነጽሮች አይተው ነገሩ ሲገባቸው፣ ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

«እኔ አንድ መግዛት ሲገባኝ እናንተ ሦስት ገዛችሁ?»

«እኔ፣ ጋሼ፣» አለ ፎርማኑ፣ «አንድ ጊዜ በቡናማ ቀለም ተከራክሬዎት አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ መከራከር ተውኩ። መከራከሩን ስተው ማየቱንም የተውኩት መሰለኝ።»

«እኔ ደግሞ ቀለም ለእርስዎ፣ ካውያ ለእኔ ብዬ ነው፣» አለች ተኳሿ። «ሰው ሁሉን ልወቅ ካለ መቼ ይተኛል?»

«እሱስ ልክ ነሽ። አንቺስ?» ወደ ቀማሚዋ ዞሩ።

«እኔ ውለታዎ ከብዶኝ ነው። እርስዎን መጠራጠር ውለታ መብላት መስሎኝ ነበር።»

ሽማግሌው ሦስቱን መነጽሮች በጣታቸው አሰለፏቸው።

«አሁን የእኔን ስሙ፣» አሉ። «ባለፈው ክረምት በመብራት ዙሪያ ጭጋግ ማየት ጀመርኩ። አንድ ነገር ሆኛለሁ ብዬ ሰጋሁ። ጠዋት እዚህ ስቆም ግን ሁላችሁም ‹ልክ ነው ጋሼ› ትላላችሁ። ይህን የሚያህል ሰው እያየ፣ ብሳሳት አንዱ አይናገርም? ብዬ ተጽናናሁ። እናንተን አምኜ ነው ሐኪም ቤት ያልሄድኩት።»

ስምንት ወር ሙሉ እነሱ የእሳቸውን ፊት ሲያዩ፣ እሳቸው ደግሞ የእነሱን ፊት ሲያዩ ኖረዋል፤ ጨርቁም በመካከላቸው ማንም ሳያየው ተጋድሞ ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ይበልጣል፣» ብለው ቀጠሉ። «መሳቢያውን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ‹ጋሼ ናሙና አያስፈልጋቸውም› ሲባል ደስ ይለኝ ነበር። በይ ተነሺ ልጄ፣ በአምናው ቅመማ አዲስ ናሙና አውጪ። ሐሙስ ነገ ነው።»

ከሰዓት በኋላ አዲሱ ናሙና ደርቆ መጣ። ቀማሚዋ ከዋናው ጋር አጠጋግታ አየችው፤ ወደ ማንም ፊት አልተመለከተችም። አንድ ነበሩ። ካርዱን ለጋሽ መስኮት ስትዘረጋላቸው እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ።

«ከላይ አንቺ ፈርሚ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ እያሉ።»

«እኔ ያልታየኝን አልፈርምም። አንቺን ግን አምናለሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት ዐይንሽን ስፈትነው ኖሬያለሁ። እንዲህ ያለው ማመን አያሳፍረኝም።»

ከላይ ፈረመች። እሳቸው ከሥሯ ፈረሙና በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው «አልታየኝም፤ ያየችውን አምኛለሁ» ብለው አከሉበት። ካርዱ ፎርማኑ ዘንድ ሲደርስ አልፈረመም። ሁለቱን ጨርቆች ይዞ መስኮቱ ዘንድ ሄደ፤ አገላበጣቸው፣ አራቃቸው፣ አቀረባቸው።

«አለቃ፣ ምሽት ሆነ እኮ፣» አለችው ተኳሿ።

«ዝም በይኝ እስቲ። እያየሁ ነው።»

በሦስተኛው ሳምንት ጋሽ መስኮት የዐይን ሐኪም ቤት ሲሄዱ ቀማሚዋ አብራቸው ሄደች። ሐኪሟ ከልጃቸው የምታንስ ወጣት ነበረች። በሁለቱም ዐይን ሞራ እንዳለ፣ የግራው እንደበሰለና ዛሬውኑ ሊወጣ እንደሚችል አስረዳቻቸው። በጥሞና ሰሟት።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። አንቺ ስትሳሳቺ ማን ነው የሚነግርሽ?»

ቀማሚዋ አፈረችላቸው። ሐኪሟ ግን አልተቀየመችም፤ በጥግ መሣሪያ የምትደረድረውን ነርስ በአገጯ አመለከተች።

«እሷ። ቢላውን ከመያዜ በፊት የእርስዎን ስምና ቀዶ ሕክምና የሚደረግለትን ዐይን ጮክ ብላ ትጠይቀኛለች። መልሴ ከያዘችው ወረቀት ጋር ካልገጠመ ምንም አትሰጠኝም።»

«ከልክላሽ ታውቃለች?»

«ሁለት ጊዜ፣» አለች ነርሷ፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል።

«ሦስት ነው፣» አለች ሐኪሟ። «አንዱን ረስታልኝ ነው።»

ጋሽ መስኮት ኮፍያቸውን አውልቀው ለቀማሚዋ ሰጧት። «እንግዲያውስ ዐይኔን አስረክቤያለሁ፣» አሉና ተከትለዋቸው ገቡ።

ቀማሚዋ ኮፍያውን ጭኗ ላይ አድርጋ በኮሪደሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በውስጧ ሞቅ ያለ ምስጋና ሞልቶ ነበር፤ ሚዛንና ደብተር ለሰጧት ሰው፣ ስትናገር ላልተቆጧት ሰው፣ ለማታውቃቸው የአውቶቡስ አሮጊትም ጭምር። በሩ በደንብ አልተዘጋም ነበር፤ ከውስጥ የነርሷ ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማት።

«የትኛው ዐይን?»

«ግራ፣» አለች ሐኪሟ።

«ግራ፣» አለች ነርሷ።

መሣሪያ ሲቀርብ የብረት ድምፅ ተሰማ።

«ግራ ነው፣» አሉ ጋሽ መስኮት ከተኙበት። «እኔም አይቼዋለሁ።»